ቶም ክሪስተንሰን

ቶም ክሪስተንሰን (ሰኔ 30 ቀን 1959 ዓ.ም. ወይም ጁላይ 7 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በሆብሮ፣ ዴንማርክ ተወለደ) የቀድሞ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ነው። በፈረንሳይ አገር በየዓመቱ የሚካሄደውን የሌ ማን 24 ሰዓት ውድድር 9 ጊዜ በማሸነፍ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት በሞተር ስፖርት ዓለም «ሚስተር ሌ ማን» በሚል ቅጽል ይታወቃል። በ1997 የመጀመሪያ ተሳትፎው አሸነፈ፤ ከ2000 እስከ 2005 ደግሞ 6 ጊዜ በተከታታይ ድል አደረገ። በ2013 የዓለም የጽናት ውድድር ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2014 መጨረሻ ከውድድር ተሰናበተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የጽናት ውድድር ምንነት

የጽናት ውድድር ለብዙ ሰዓታት ሳይቋረጥ የሚካሄድ የመኪና እሽቅድድም ነው። በጎረቤት ኬንያ እንደሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ ከቦታ ወደ ቦታ የሚደረግ ጉዞ አይደለም፤ መኪኖቹ በአንድ ጎዳና ላይ ይዞራሉ። እንደ ፎርሙላ 1 ደግሞ በአንድ ሰው ብቻ አይነዳም፤ አንዱን መኪና ብዙውን ጊዜ ሦስት አሽከርካሪዎች በፈረቃ ይይዙታል። አሸናፊው በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ብዙ ርቀት የሸፈነው መኪና ነው።

ከእነዚህ ውድድሮች ዝነኛው በ1923 የተጀመረው የሌ ማን 24 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እሑድ በዚያው ሰዓት ያበቃል። የአንድ ዙር ርዝመት 13.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፊሉ በሌሎች ቀናት ሕዝብ የሚገለገልበት አውራ ጎዳና ነው። በ2010 አሸናፊው መኪና 397 ዙር በመዞር ከ5,410 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ከአዲስ አበባ ዲላ ያለው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ቢባል፣ ይህ ርቀት ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ ተጉዞ በስምንተኛው ጉዞ ዲላ ከመድረስ ጋር ይተካከላል። ያውም በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ፣ ነዳጅ ለመቅዳት፣ ጎማ ለመቀየርና ለጥገና የቆመበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ነው።

በመንገዱ ላይ እኩል ፍጥነት የሌላቸው ከ50 የሚበልጡ መኪኖች ይገኛሉ። ፈጣኖቹ ለውድድር ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዘገምተኞቹ ለገበያ ከሚቀርቡ የስፖርት መኪኖች የተሻሻሉ ናቸው። ስለዚህ የፈጣን መኪና አሽከርካሪ በጨለማና በዝናብ ጭምር ሌሎችን እየቀደመ ማለፍ አለበት። በደንቡ መሠረት አንድ ሰው በየትኛውም የ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ከፈረቃው የወረደ ጥቂት ሰዓት አርፎ ይመለሳል፤ በዚህ መካከል የመኪናው ዕጣ በባልደረቦቹ እጅ ነው። አንዱ መኪናውን ቢያጋጭ ሦስቱም ይሸነፋሉ።

ልጅነትና ጅማሮ

ክሪስተንሰን ያደገው በሰሜን ዴንማርክ በምትገኘው በሆብሮ ከተማ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በዚያ ነዳጅ ማደያ ነበረው። አባቱ ካርል ኤሪክ ራሱ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ በካርቲንግ (ትንንሽ መኪኖች) መወዳደር ጀመረ።

በ1991 የጀርመን የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወደ ጃፓን ሄዶ በ1993 የዚያን አገር የፎርሙላ 3 ዋንጫ ወሰደ። ወደ አውሮፓ ተመልሶም ለፎርሙላ 1 የመጨረሻ ደረጃ በነበረው በፎርሙላ 3000 ተወዳደረ። በ1998 ለቲረል ቡድን የፎርሙላ 1 የሙከራ አሽከርካሪ ቢሆንም፣ በዋናው ውድድር የመሰለፍ ዕድል አላገኘም። ስሙን ያስጠራው ሳይጠበቅ የመጣለት ሌላ ጥሪ ነው።

1997፦ በተተኪነት የተገኘ ድል

የጀርመኑ ዮስት ቡድን በ1996 ሌ ማንን ካሸነፉለት አሽከርካሪዎች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ዴቪ ጆንስ በ1997 መጀመሪያ በደረሰበት አደጋ ተጎዳ። ቡድኑ በቦታው ክሪስተንሰንን የጠራው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዕድሜው 30 ሊሞላ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር፤ በሌ ማን ተወዳድሮ አያውቅም፣ መኪናውንም ከውድድሩ በፊት የነዳው ለጥቂት ዙሮች ብቻ ነው። ባልደረቦቹ ሁለቱም ቀድሞ ለፌራሪ በፎርሙላ 1 የነዱት ጣሊያናዊው ሚኬሌ አልቦሬቶና ስዊድናዊው ስቴፋን ዮሃንሰን ነበሩ።

መኪናው (ቲ.ደብሊው.አር. ፖርሼ) ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ያው መኪና ነበር። ፖርሼ ራሱ ያሰለፋቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ጠንካራ ተቀናቃኞች ነበሩ። በሌሊቱ ፈረቃ ክሪስተንሰን እጅግ ፈጥኖ ነዳ፤ የውድድሩ ፈጣን ዙርም የእሱ ሆነ። ከፖርሼ ፋብሪካ ሁለት መኪኖች አንዱ ቀድሞ ወጣ፤ ሲመራ የነበረው ሁለተኛው እሑድ ዕለት ሁለት ሰዓት ገደማ ሲቀር እሳት ተነሣበት። የዮስት መኪና መሪነቱን ተረክቦ አሸነፈ።

የቢ.ኤም.ደብሊው. ዓመታት

በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ለቢ.ኤም.ደብሊው. ነዳ። በ1998 የቡድኑ መኪኖች በጎማ ኩሽኔታ ችግር ምክንያት ገና በጊዜ ከውድድሩ ወጡ። የ1999ኙ ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ክሪስተንሰን፣ ፊንላንዳዊው ጄ.ጄ. ሌህቶና ጀርመናዊው ዮርግ ሙለር የያዙት መኪና በብዙ ዙር እየመራ እሑድ ደረሰ። ሌህቶ በሚነዳበት ሰዓት አንድ የመኪናው ክፍል ተሰብሮ የነዳጅ መስጫውን ያዘው፤ መኪናው ፍጥነት ሊቀንስ ባለመቻሉ ከግንብ ተጋጨ። ድሉ ለሌላው የቢ.ኤም.ደብሊው. መኪና ሆነ።

የዚያ ቀን ሽንፈት ማስታወስ የሚያስፈልገው ከስድስት ዓመት በኋላ ለተገኘው ድል ጭምር ነው፤ ክሪስተንሰን ክብረ ወሰኑን ሲሰብር ከጎኑ የነበረው ይኸው ሌህቶ ነው።

ስድስት ተከታታይ ድሎች (2000–2005)

በ2000 ወደ ኦዲ ተዛወረ። ከጀርመናዊው ፍራንክ ቢላና ከጣሊያናዊው ኤማኑኤሌ ፒሮ ጋር ኦዲ አር8 በተባለው መኪና በ2000፣ በ2001 እና በ2002 አሸነፈ። ሦስት አሽከርካሪዎች አንድ ላይ ሆነው ሦስት ዓመት በተከታታይ ሲያሸንፉ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አር8 ከሌሎች የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ዋና ዋና ክፍሎቹ በፍጥነት ተፈትተው እንዲገጠሙ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ሌሎችን ከውድድር የሚያስወጣ ብልሽት አር8ን የሚያስቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነበር።

የ2001ኙ ድል በሐዘን የታጀበ ነበር። ሚያዝያ ውስጥ፣ ከውድድሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በ1997 አብሮት ያሸነፈው አልቦሬቶ በጀርመን ላውዚትስሪንግ ኦዲ አር8 ሲሞክር ጎማው ተበላሽቶ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ አለፈ። በዚያ ዓመት ሌ ማን ዝናብ ሲጥልበት ዋለ፣ አደረም፤ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ ያሸነፉት ጓደኛቸው በሞተበት ዓይነት መኪና ነው።

በ2003 ኦዲና ቤንትሊ በአንድ የኩባንያዎች ቡድን (በፎልክስቫገን) ሥር ስለነበሩ ክሪስተንሰን ለቤንትሊ ተሰለፈ። ከጣሊያናዊው ሪናልዶ ካፔሎና ከእንግሊዛዊው ጋይ ስሚዝ ጋር አሸንፎ፣ ቤንትሊ ከ1930 ወዲህ ያጣውን ድል መለሰለት። በ2004 ለጃፓኑ ቲም ጎ ከካፔሎና ከጃፓናዊው ሴይጂ አራ ጋር ተሰልፎ፣ ከ24 ሰዓት ውድድር በኋላ ሁለተኛውን መኪና በ41 ሰከንድ ገደማ ብቻ ቀድሞ ገባ። ይህ ስድስተኛ ድሉ ከቤልጂጉ ዣኪ ኢክስ ጋር እኩል አደረገው። ኢክስ ስድስቱን ድሎች ያገኘው ከ1969 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ነበር።

በ2005 አር8 አርጅቶ ነበር። አዘጋጆቹም ሌሎች እንዲደርሱበት ተጨማሪ ክብደት ጭነውበት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ቀንሰውበት ነበር። ክሪስተንሰን ለአሜሪካው ቻምፒዮን ቡድን ከሌህቶና ከጀርመናዊው ማርኮ ቬርነር ጋር ተሰለፈ። ፈረንሳዊው የፔስካሮሎ ቡድን በፍጥነት ይበልጣቸው ነበር፤ ኦዲው ግን ብልሽትና ስሕተት ሳያበዛ ቀድሞት ጨረሰ። በዚህ ሰባተኛ ድል የኢክስ ክብረ ወሰን ተሰበረ።

አደጋ፣ ሽንፈትና የ2008 ድል

በ2006 ኦዲ በናፍጣ የሚሠራ አር10 የተባለ መኪና ይዞ መጣ። የክሪስተንሰን መኪና በኢንጀክተር ብልሽት ጊዜ አጥቶ ሦስተኛ ሲወጣ፣ ድሉ የቀድሞ ባልደረቦቹ የቢላና የፒሮ እንዲሁም የቬርነር ሆነ። በሌ ማን የናፍጣ ሞተር ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሚያዝያ 2007 በጀርመን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና (ዲ.ቲ.ኤም.) በሆከንሃይም ሲወዳደር ከባድ ግጭት ደርሶበት ራሱን ተጎዳ። ከውድድር ርቆ ቆይቶ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ በሌ ማን መሪ ጨበጠ። መኪናው እየመራ ሳለ እሑድ ጠዋት ካፔሎ በሚነዳበት ሰዓት የኋላ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ወልቆ መኪናው ተጋጨ፤ ውድድሩም አበቃላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ክሪስተንሰንና ካፔሎ ከስኮትላንዳዊው አለን ማክኒሽ ጋር በዚያው ዓይነት መኪና ተመለሱ። የፈረንሳዩ ፔዦ በመነሻ ቦታ ማጣሪያው ከኦዲ በአንድ ዙር 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጥን ነበር። ይህን ያህል ልዩነት በደረቅ መንገድ በመንዳት ችሎታ የሚሞላ አይደለም። ኦዲዎቹ ግን የሚቆሙበትን ጊዜ አሳጠሩ፣ ከስሕተት ተጠበቁ፤ በሌሊት ዝናብ ሲጥል ደግሞ ፔዦዎቹን ቀደሟቸው። ሁለቱ መኪኖች እኩል 381 ዙር ጨርሰው ኦዲው አሸነፈ። የክሪስተንሰን ስምንተኛ ድል ነበር።

2013፦ ዘጠነኛው ድል

ዘጠነኛውን ለማግኘት አምስት ዓመት ፈጀ። በ2009 እና በ2010 ሦስተኛ ወጣ። በ2010 ራሱ ዘገምተኛ መኪና ሊያልፍ ሲል ከመንገድ ወጥቶ ጊዜ አጠፋ። በ2011 ማክኒሽ በመጀመሪያው ሰዓት ከአንድ ፌራሪ ጋር ተነካክቶ መኪናው ተገልብጦ እንዳልነበር ሆነ፤ እሱ ግን በሕይወት ወጣ። በ2012 ሁለተኛ ሆኑ፤ ካፔሎም ከሌ ማን ተሰናበተ።

ጁን 22 ቀን 2013 ክሪስተንሰን ከማክኒሽና ከፈረንሳዊው ሎይክ ዱቫል ጋር በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ኦዲ አር18 ይዞ ቀረበ። ከጥቂት ወራት በፊት አባቱን አጥቶ ነበር። ውድድሩ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ የአገሩ ልጅ አለን ሲሞንሰን፣ 34 ዓመቱ፣ አስተን ማርቲን ሲነዳ ከብረት አጥር ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። የሲሞንሰን ቤተሰብ በጠየቁት መሠረት የቡድኑ ሌሎች መኪኖች በውድድሩ ቀጠሉ።

በዚያ ውድድር ዝናብ በየጊዜው ጣለ፤ ብዙ አደጋ ስለደረሰም የደህንነት መኪናው 11 ጊዜ ወጣ። የክሪስተንሰን መኪና 348 ዙር ዞሮ አሸነፈ። ድሉን ለአባቱ ሊያበረክት አስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ለሲሞንሰን መታሰቢያ አደረገው፤ ለአባቱ ሌላ ድል ማግኘት እንደሚኖርበትም ተናገረ። በዚያው ዓመት ሦስቱ ባልደረቦች በሲልቨርስቶንና በኦስቲንም አሸንፈው የዓለም የጽናት ውድድር ሻምፒዮን ሆኑ። ማክኒሽ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጣ።

ስንብት

በ2014 በልምምድ ቀን ዱቫል ከባድ ግጭት ስለደረሰበት መወዳደር አልቻለም። መኪናው በአዲስ መልክ ተገጣጥሞ፣ በዱቫል ቦታ ስፔናዊው ማርክ ጄኔ ገባ። ጄኔ በ2008 ክሪስተንሰን ካሸነፈው የፔዦ መኪና አሽከርካሪዎች አንዱ ነበር። ከእነሱና ከብራዚላዊው ሉካስ ዲ ግራሲ ጋር የነበረው መኪና እሑድ ዕለት መሪነቱን ያዘ፤ ነገር ግን ተርቦው ተበላሽቶ እስኪቀየር ድረስ ሌላው ኦዲ ቀደመው። ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ለአባቱ ያሰበው ድል አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ውስጥ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። የመጨረሻ ውድድሩ ኖቬምበር 30 ቀን 2014 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የተካሄደው የ6 ሰዓት ውድድር ሲሆን፣ ሦስተኛ ወጣ። ኦዲም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016 መጨረሻ፣ ከዓለም የጽናት ውድድር ወጣ። ክሪስተንሰን ከጡረታ በኋላ በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊአ) የአሽከርካሪዎች ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል።

ከሌ ማን ውጭ

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚካሄደውን የሴብሪንግ 12 ሰዓት ውድድር 6 ጊዜ (በ1999፣ 2000፣ 2005፣ 2006፣ 2009 እና 2012) አሸንፏል። የሴብሪንግ መንገድ በቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተሠራና ኮረኮንች የበዛበት ስለሆነ፣ ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ለመፈተን ይመርጡታል። በ2002 የአሜሪካን ሌ ማን ሲሪዝ ሻምፒዮን ሆነ። በ2000 በብሪታንያ የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ለሆንዳ ነድቷል፤ በዲ.ቲ.ኤም. ደግሞ ከ2004 እስከ 2009 ለኦዲ ተወዳድሮ በ2005 እና በ2006 በአጠቃላይ ውጤት ሦስተኛ ሆኗል።

የሙያ ሕይወቱ ገጽታ

የጽናት ውድድር አሽከርካሪ ኑሮ በመኪና ፋብሪካዎች ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው። ፋብሪካው ሲገባ የደመወዝ ቦታ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ክሪስተንሰንም በሌ ማን በ18 ዓመት ውስጥ ለዮስት፣ ለቢ.ኤም.ደብሊው.፣ ለኦዲ፣ ለቤንትሊ፣ ለቲም ጎና ለቻምፒዮን ነድቷል፤ ከ2000 በኋላ ያሉት ሁሉ ግን ከኦዲ ወይም ከእናት ኩባንያው ጋር የተያያዙ ናቸው።

በሌ ማን በተሰለፈባቸው 18 ውድድሮች ውስጥ መኪናው ሳይጨርስ የቀረው 4 ጊዜ (በ1998፣ 1999፣ 2007 እና 2011) ብቻ ነው። በቀሩት 14 ውድድሮች 9 ጊዜ አንደኛ፣ 2 ጊዜ ሁለተኛ፣ 3 ጊዜ ሦስተኛ ወጥቷል። ይህም ማለት መኪናው እስከ መጨረሻው በደረሰበት ውድድር ሁሉ ከሽልማት መድረኩ ቀርቶ አያውቅም።

ዘጠኙን ድሎች ብቻውን ያገኘው አይደለም፤ 11 ሰዎች ተጋርተውታል። ሌህቶ በ1999 መኪናው በእጁ ሳለ ተጋጭቶ፣ በ2005 ከክሪስተንሰን ጋር አሸነፈ። ካፔሎ በ2007 ጎማ ወልቆበት፣ በ2008 አሸነፈ። ማክኒሽ በ2011 ተገልብጦ፣ በ2013 አሸነፈ። ክሪስተንሰን በ2010 ራሱ ያጠፋው ጊዜም የሁለቱ ባልደረቦቹ ኪሳራ ነበር። ስለዚህ የክብረ ወሰኑ ታሪክ የአንድ ፈጣን ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ከሽንፈት በኋላ መኪናውን መልሰው እርስ በርስ የተማመኑ ባልደረቦች ታሪክም ነው።

በሌ ማን ያገኛቸው ድሎች

1997፦ ቲ.ደብሊው.አር. ፖርሼ፣ ከሚኬሌ አልቦሬቶና ከስቴፋን ዮሃንሰን ጋር
2000፦ ኦዲ አር8፣ ከፍራንክ ቢላና ከኤማኑኤሌ ፒሮ ጋር
2001፦ ኦዲ አር8፣ ከፍራንክ ቢላና ከኤማኑኤሌ ፒሮ ጋር
2002፦ ኦዲ አር8፣ ከፍራንክ ቢላና ከኤማኑኤሌ ፒሮ ጋር
2003፦ ቤንትሊ ስፒድ 8፣ ከሪናልዶ ካፔሎና ከጋይ ስሚዝ ጋር
2004፦ ኦዲ አር8፣ ከሪናልዶ ካፔሎና ከሴይጂ አራ ጋር
2005፦ ኦዲ አር8፣ ከጄ.ጄ. ሌህቶና ከማርኮ ቬርነር ጋር
2008፦ ኦዲ አር10፣ ከሪናልዶ ካፔሎና ከአለን ማክኒሽ ጋር
2013፦ ኦዲ አር18፣ ከአለን ማክኒሽና ከሎይክ ዱቫል ጋር